ስኳርና የነርቭ ሕመም የሚገናኙበት ቦታ፦ ስለ ማይቶኮንድሪያ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ ስኳር ያለባችሁ ብዙ ናችሁ። እንቅስቃሴን የሚያዘገየውና የሚያንቀጠቅጠው የነርቭ ሕመም፣ ፓርኪንሰን፣ ያለበትን አባት፣ የመርሳት በሽታ የያዛትን እናት የምታስታምሙም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሁለቱ ሕመሞች የሚታዩት በተለያየ ክሊኒክ፣ በተለያየ ሐኪም ነው። እኔ የባዮኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ በሽታን የማየው ከሴል ውስጥ ሆኜ ነው። ከዚያ ሲታዩ ሁለቱ ያን ያህል አይራራቁም፤ ማይቶኮንድሪያ በምንላት፣ ለሴሉ ኃይል በምታመነጭ ቅንጣት ላይ ይገናኛሉ። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንን ነው፤ የቱ ጋ በማስረጃ እንደተረጋገጠ፣ የቱ ጋ ደግሞ ክርክሩ እንዳልተቋጨ ሳልሸፋፍን። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅርብ ከምናውቀው ልነሳ። በ2005 መጀመሪያ በአገራችን የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ በስፋት ከሚታዘዙት አንዱ ስታቩዲን ነበር። ስታቩዲን ብዙ ሰው ከሞት አፋፍ መልሷል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ይሁንና ለወራት ወይም ለዓመታት ከወሰዱት መካከል ብዙዎቹ እግራቸው ላይ ማቃጠልና መደንዘዝ ይጀምራቸው ነበር፤ ሌሊት ብርድ ልብሱ ሲነካቸው እንኳ የማይችሉት ዓይነት። የሌሎቹ ጉንጭ ይሰረጉዳል፤ የክንድና የእግር ስባቸው ይጠፋና የደም ሥራቸው ይገተራል። ቫይረሱ በቁጥጥር ሥር ውሎ፣ ጉልበታቸው ተመልሶ፣ ሥራ ጀምረው ሳለ ፊታቸውን ያየ ሁሉ የሚያውቅባቸው እየመሰላቸው ይሳቀቁ ነበር። በጥቂቶች ላይ ደግሞ ላክቲክ አሲድ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል፤ ቶሎ ካልተደረሰበትም ይገድላል።

አንድ ክኒን ነርቭንም፣ ስብንም፣ የደምን አሲድም በአንድ ጊዜ እንዴት ያዛባል? ነገሩ ወዲህ ነው። ስታቩዲን ከዲኤንኤ ፊደላት አንዱን አስመስሎ የተሠራ ነው። ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ ያንን ሐሰተኛ ፊደል ይሰካል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ፊደል መቀጠል ስለማይቻል ቅጂው ተቋርጦ ይቀራል። በእኛ ሴል ውስጥ ያሉት ዋና ዋና ገልባጭ ኢንዛይሞች በዚህ ብዙም አይታለሉም። አንዱ ግን ይታለላል። ፖሊመሬዝ ጋማ ይባላል፤ ሥራውም የማይቶኮንድሪያን ዲኤንኤ መገልበጥ ነው። እሱ ሲታለል የማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ ቅጂ እያነሰ ይሄዳል፤ ሴሉ ኃይል ያጥረዋል። ቀድመው የሚጎዱት ከወገብ ተነስተው እስከ እግር ጣት የሚደርሱት ረጃጅም ነርቮች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 አገሮች ይህን መድኃኒት ቀስ በቀስ እንዲያስወጡት መከረ፤ ዛሬ ቦታውን የተሻሉ መድኃኒቶች ይዘውታል።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ማይቶኮንድሪያ ሲጎዳ የነርቭም፣ የስብና የስኳር አጠቃቀምም ችግር አብሮ እንደሚመጣ በሕዝብ ላይ በግልጽ የታየው እዚህ ነው። የቤተ ሙከራ ግምት አይደለም።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ከቀይ የደም ሴል በቀር የአካላችን ሴሎች ሁሉ ለማለት ይቻላል ማይቶኮንድሪያ አላቸው፤ ብዙ በሚሠሩት በልብና በጉበት ሴሎች ውስጥ በመቶዎችና በሺዎች ይቆጠራሉ። እያንዳንዷ ሁለት ሽፋን አላት፤ የውስጠኛው ሽፋን ብዙ ቦታ ለማግኘት ተጣጥፎ የተቀመጠ ነው። የበላነው እንጀራም ሆነ ቅቤ በስተመጨረሻ የሚደርሰው እዚህ ነው። ከምግቡ የተወሰዱ ኤሌክትሮኖች በውስጠኛው ሽፋን ላይ በተደረደሩ አራት የፕሮቲን ስብስቦች በኩል ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚቀበላቸው የምንስበው ኦክስጅን ነው። ከአራቱ የመጀመሪያው ኮምፕሌክስ ዋን ይባላል፤ ስሙን ያዙልኝ፣ ደጋግሞ ይመጣል። ኤሌክትሮኖቹ ሲያልፉ ፕሮቶኖች እየተገፉ ከሽፋኑ ማዶ ይጠራቀማሉ። ያ ሽፋን ግድብ ነው ማለት ይቻላል፤ የተጠራቀመው ተመልሶ የሚወርደው በተርባይኑ በኩል ነው። ተርባይኑም ኤቲፒ ሲንቴዝ የሚባል፣ በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ፕሮቲን ነው። በዚያ ሽክርክሪት ሴሉ ለሥራው ሁሉ የሚጠቀምበት ኤቲፒ ይሠራል። ፒተር ሚቼል የተባለው እንግሊዛዊ ይህን ሐሳብ በ1961 ሲያቀርብ የዘመኑ ሊቃውንት ለዓመታት ሲሞግቱት ቆዩ፤ በ1978 የኖቤል ሽልማት ተሸለመበት።

የሰው አካል በአንድ ቅጽበት የሚይዘው ኤቲፒ ከመቶ ግራም ብዙ አይርቅም። ያንኑ ጥቂት እያደሰና መልሶ እየተጠቀመ ግን በአንድ ቀን የሚሠራው ሲደመር ከራሱ ክብደት ጋር ይቀራረባል። አንጎላችን ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ሆኖ ከኃይላችን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። የነርቭ ሴል ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅ የለውም፤ ኦክስጅንና ስኳር ለደቂቃዎች ቢቋረጡበት ይሞታል። የኃይል ጉድለት ለምን ነርቭ ላይ እንደሚበረታ ከዚህ ይገባችኋል።

ግድቡ ቢያፈስስ? በ1962 በስዊድን ሮልፍ ሉፍትና የሥራ ባልደረቦቹ ያሳወቁት ሕመም ይኸው ነበር። ሕመምተኛዋ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ላብ በላብ ትሆናለች፣ በብዙ ትበላለች፣ ግን አትወፍርም። ሐኪሞች እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት የእንቅርት ዕጢን ነው፤ የእሷ ዕጢ ግን ጥፋት አልተገኘበትም። ከጡንቻዋ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ማይቶኮንድሪያዎቿ ምግቡን ያለ ገደብ ያቃጥላሉ፤ ኃይሉ ግን በኤቲፒ መልክ ሳይያዝ በሙቀት ይባክናል። የማይቶኮንድሪያ በሽታ በሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው ያኔ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ዲኤንፒ የሚባል ኬሚካል ይህንኑ ማፍሰስ በጤነኛ ሰው ላይ ያመጣል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለክብደት መቀነሻ ሲሸጥ ሰዎች በትኩሳት ተቃጥለው ሞቱ፤ በ1938 ተከለከለ። ዛሬም በኢንተርኔት ተደብቆ ይሸጣል፤ ልጆቻችሁ ውፍረት ለመቀነስ ብለው እንዳይገዙት ንገሯቸው።

ማይቶኮንድሪያ የራሷ ዲኤንኤ እንዳላት ቀደም ብዬ ጠቅሻለሁ። በ1981 በካምብሪጅ ሙሉ በሙሉ ተነብቧል፤ 16,569 ፊደል፣ 37 ጂን። ትንሽ ነው፤ ማይቶኮንድሪያ የሚያስፈልጓት ሌሎች ከሺህ የሚበልጡ ፕሮቲኖች የሚሠሩት በኒውክሊየሱ ውስጥ ካለው ዲኤንኤ ነው። ይህ ትንሹ ዲኤንኤ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። በውስጡ ቁጥር 3243 ላይ ያለችው ፊደል በአንዳንድ ቤተሰብ ተለውጣ ትገኛለች። በ1990 የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን ለውጥ ያገኙት በወጣትነታቸው ስትሮክ የሚመስል የአንጎል ጉዳት በሚደርስባቸው ሰዎች ላይ ነበር። በ1992 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ያችኑ ለውጥ ከእናት ወደ ልጅ በሚወርድ የስኳር በሽታና የመስማት ችግር ባለበት ቤተሰብ ውስጥ አገኟት። ያው ፊደል፣ ያው ለውጥ፤ አንዱን አንጎሉን፣ ሌላውን ቆሽቱንና ጆሮውን። ልዩነቱን በከፊል የሚያመጣው በእያንዳንዱ አካል ውስጥ ስንቱ ማይቶኮንድሪያ የተለወጠውን፣ ስንቱ ጤነኛውን ይዟል የሚለው ነው፤ የአንድ እናት ልጆች እንኳ በዚህ አይመሳሰሉም። ስለዚህ በእናት በኩል ስኳርና የጆሮ መደንቆር አብረው የሚሄዱበት ቤተሰብ ካላችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ ታሪኩን ካልነገራችሁት ከተራ ስኳር ሊለየው ይቸግረዋል።

አሁን ስለ ተለመደው፣ ሁለተኛው ዓይነት ስለሚባለው ስኳር እንነጋገር። ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩት ቤታ ሴሎች የደም ስኳር መጨመሩን በምን ያውቃሉ? በማይቶኮንድሪያቸው ነው የሚያውቁት። ስኳሩ ወደ ሴሉ ይገባል፤ ይቃጠላል፤ ኤቲፒ ይጨምራል። የጨመረው ኤቲፒ በሴሉ ሽፋን ላይ ያለውን የፖታሲየም በር ይዘጋል፤ በሩ ሲዘጋ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ኢንሱሊን የቋጠሩ ከረጢቶችም ወደ ደም ይለቅቁታል። ብዙዎቻችሁ የምትወስዱት ግሊቤንክላማይድ ያንኑ በር በራሱ ይዘጋዋል፤ ስኳሩ መጨመር አለመጨመሩን አይጠብቅም። ሳይበሉ ሲወስዱት ስኳር ወርዶ የሚያንቀጠቅጠውና የሚያልበው ለዚህ ነው። በጾም ወራት ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጹሙ የምንላችሁም ለዚሁ ነው።

ጡንቻው ጋ ስንሄድ ነገሩ ይወሳሰባል። በ2004 በዬል ዩኒቨርሲቲ የጄራልድ ሹልማን ቡድን ወላጆቻቸው ስኳር ያለባቸውን፣ ራሳቸው ግን ወጣት፣ ቀጭንና ጤነኛ የሆኑ ሰዎችን መረመረ። ኢንሱሊን በደንብ የማይሠራባቸው ልጆች የጡንቻ ማይቶኮንድሪያቸው ሥራ ከሌሎቹ በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ጡንቻቸው ውስጥም ስብ ተጠራቅሟል። ይህ ሲሰማ ብዙ ሰው የስኳር ሥር ተገኘ አለ። በ2008 ግን የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ሕንዳውያንን ሲያጠኑ ኢንሱሊን በጣም የማይሠራባቸው ሰዎች ማይቶኮንድሪያቸው ከአውሮፓ ዝርያ ካላቸው አሜሪካውያን የበለጠ ብርቱ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ የማይቶኮንድሪያ መዳከም የስኳር ብቸኛ መነሻ ነው ማለት አይቻልም። እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ በተለመደው ስኳር ላይ ከአቅም በላይ የሚገባው ምግብና የማይሠራው ጡንቻ ይቀድማሉ፤ ማይቶኮንድሪያው የሚጎዳው በኋላ ነው። ከተጎዳ በኋላ ግን ራሱ በሽታውን ያባብሳል። ይህን የምለው ማስረጃው ወደዚያ ስለሚያጋድል ነው፤ በሙያው ውስጥ የማይስማሙኝ አሉ።

ወደ አንጎል እንሂድ። እዚህ ማስረጃው ጠንከር ይላል፤ የተጀመረውም በመጥፎ አጋጣሚ ነው።

በ1982 በካሊፎርኒያ፣ በሳን ሆዜ አካባቢ አንድ ሰው ሐኪም ቤት አመጡ። ዓይኑ ተገልጧል፤ አይናገርም፤ እጁን ሲያነሱለት ባነሱበት ይቀራል። መጀመሪያ የአእምሮ ሕመም መሰላቸው። ዊልያም ላንግስተን የተባለው የነርቭ ሐኪምና ባልደረቦቹ ጣቶቹ በጥቂቱ እንደሚንቀሳቀሱ አስተዋሉ፤ እርሳስ አስያዙት። ሰውየው ቀስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። አእምሮው ፍጹም ጤነኛ ነበር፤ የማይታዘዘው ሰውነቱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች እንደሱ የሆኑ ተገኙ፤ ሁሉም ወጣቶች፣ ሁሉም በድብቅ የተሠራ ሄሮይን መሰል ዕፅ በመርፌ የወሰዱ። ለፓርኪንሰን የሚሰጠው ሌቮዶፓ ሲሰጣቸው መንቀሳቀስ ቻሉ። በዓመታት የሚመጣው ፓርኪንሰን በጥቂት ቀናት ውስጥ ደርሶባቸው ነበር።

ጥፋተኛው ዕፁ ሲሠራ በስህተት የተፈጠረ ኤምፒቲፒ የሚባል ቆሻሻ ሆኖ ተገኘ። ኤምፒቲፒ በቀላሉ ወደ አንጎል ይገባል፤ እዚያ ያለ ኢንዛይም ኤምፒፒ ፕላስ ወደሚባል መርዝ ይለውጠዋል። እንቅስቃሴን ለማዘዝ የሚረዳውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ሴሎች ዶፓሚንን መልሰው የሚሰበስቡበት በር አላቸው፤ መርዙ በዚያ በር ይገባል፤ ማይቶኮንድሪያው ውስጥ ይከማቻል፤ ኮምፕሌክስ ዋንን ይዘጋል። ሴሉ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው፣ ምንም ዕፅ ነክቶ በማያውቅ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ላይስ ይህ ኮምፕሌክስ እንዴት ነው የሚል ሆነ። በ1989 በለንደን አንተኒ ሻፒራና ባልደረቦቹ በበሽታው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው፣ ዶፓሚን አመንጪ ሴሎች ባሉበት ቦታ ኮምፕሌክስ ዋን ደክሞ አገኙት።

ኮምፕሌክስ ዋንን የሚዘጋ ሌላ መርዝ እኛም አገር እናውቃለን። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመበተን ዓሣ ማስከር የቆየ ልማድ ነው። በፍሬው ውስጥ ካሉት አንዱ ሮቴኖን ነው፤ ዓሣው በስንጥቡ ሲስበው ኦክስጅኑ በዙሪያው ሞልቶ ሳለ ሴሎቹ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ሮቴኖን በሌላው ዓለም ለፀረ ተባይነት ለብዙ ዘመን አገልግሏል። በ2000 በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የቲሞቲ ግሪንአማየር ቡድን ለአይጦች በትንሽ በትንሹ ለሳምንታት ሲሰጥ አንዳንዶቹ ፓርኪንሰን የሚመስል ጉዳት ደረሰባቸው። በ2011 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በግብርና ሥራ ላይ ባሉ ሰዎች የተደረገ ጥናት፣ ሮቴኖን ወይም ፓራኳት የተባለውን ፀረ አረም የተጠቀሙት ፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ገደማ ሆኖ እንደተገኘ አሳየ። ገበሬ ዘመድ ያላችሁ፣ መርዝ ሲረጭ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርግ፤ ጄሪካኑንም ለውኃ መቅጃ አይጠቀሙበት። ይህን ሳልናገር ብወርድ ኅሊናዬ አይቀበለውም።

የዘር ጥናቱም ወደዚሁ ያመራል። በወጣትነት በሚጀምር ፓርኪንሰን ውስጥ ተበላሽተው የሚገኙ ሁለት ጂኖች አሉ፤ ፓርኪን በ1998፣ ፒንክ ዋን በ2004 ታወቁ። ሥራቸው ምንድን ነው? በ2008 የሪቻርድ ዩል ቡድን አሳየ፦ አንድ ማይቶኮንድሪያ ሲበላሽ ፓርኪን ሄዶ ይለጠፍበታል፤ ሴሉም ያንን ምልክት ይዞ የተበላሸውን ይበላዋል፣ ያስወግደዋል። ፒንክ ዋን ደግሞ ፓርኪንን የሚጠራው ነው። ጂኖቹ ካልሠሩ የተበላሸው ሳይወገድ ይቀራል። ይህ ግኝት ለእኔ የዘርፉ ትልቁ እርምጃ ነው፤ መርዙና ጂኑ፣ በሁለት የተለያየ መንገድ የተደረሰባቸው፣ አንድ ቅንጣት ላይ መጋጠማቸውን አሳይቷልና።

እዚህ ጋ ስለ ጓያ ካልተናገርኩ ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል። ጎንደር፣ ጎጃም፣ ወሎና ሸዋ የምትወለዱ ታውቁታላችሁ። ዝናብ ሲጠፋ ሌላው ሰብል ሁሉ ደርቆ ጓያ ይቆማል፤ ውኃ ሲተኛበትም ይችላል። በክፉ ዓመት የድሃውን ቤት የሚያወጣው እሱ ነው። ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን፣ በተለይ ወጣት ወንዶችን፣ እግራቸውን ይይዛል። መጀመሪያ ጉልበት ይከብዳል፤ ከዚያ እግር ይደርቅና ሲራመዱ ጉልበት ከጉልበት ይጋጫል፤ አንድ ዱላ፣ ቀጥሎ ሁለት ዱላ፣ የባሰበት በእጁ ይዳኻል። አእምሮው ግን እንደነበረ ነው፤ ማረስ የሚችል ጎልማሳ ከደጅ ተቀምጦ ይውላል። በ1970ዎቹ ደምቢያ ላይ፣ በ1990ዎቹም ወሎ ደላንታ ላይ ብዙ ሰው ተጎድቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በየገጠሩ ዞረው ይህን ሕመም ባያጠኑት ኖሮ ዛሬ የምናውቀውን ሩቡን አናውቅም ነበር።

በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ በአጭሩ ኦዳፕ ይባላል። የነርቭ ሴሎችን ከመጠን በላይ ይቀሰቅሳል። በ1990ዎቹ በሕንድ ባንጋሎር የቪጃያላክሽሚ ራቪንድራናት ቡድን አይጦች ላይ ሲሞክረው፣ ሴሎቹ ከመሞታቸው አስቀድሞ ኮምፕሌክስ ዋን ሲደክም አዩ። የደከመውም በየቦታው አልነበረም፤ እንቅስቃሴን በሚያዘው የአንጎል ክፍልና እግርን በሚያዘው የታችኛው የሕብለ ሰረሰር ክፍል ነበር። የጓያ ሕመምተኛ የሚጎዳበት ቦታ ይኸው ነው። የመጣውን ጉዳት የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ መከላከል ግን ይቻላል። ጓያን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ማቡካት፣ ከጤፍ ወይም ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሳል። እሸቱን ጥሬውን መብላት፣ ቆሎውና ንፍሮው ከሌላው አሠራር የበለጠ አደገኛ መሆናቸው በአገራችን በተደረገ ጥናት ታይቷል። በድርቅ ጊዜ እህል በወቅቱ ማድረስ እግር ያድናል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ አልዛይመር፣ ዋናው የመርሳት በሽታ ስለሆነው፣ አጭር ነው የምለው። የሕመምተኛው አንጎል የመርሳቱ ምልክት ጎልቶ ሳይወጣ አስቀድሞ ስኳር መጠቀም ይቀንሳል፤ ይህ በምስል ይታያል። ረስል ስዌርድሎውና ሻህርያር ካን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2004 የበሽታው መነሻ ራሱ የማይቶኮንድሪያ እርጅና ነው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። አሚሎይድ የሚባለው ፕሮቲን ክምችት ይቀድማል የሚሉት አሁንም ይበዛሉ። ስኳር ያለበት ሰው ለመርሳት በሽታም ለፓርኪንሰንም የመጋለጥ ዕድሉ ከሌላው ከፍ እንደሚል ግን ብዙ ጥናቶች ይስማማሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ እውቀት ወደ መድኃኒትነት ተለውጧል ወይ? በአብዛኛው ገና ነው። ኮኤንዛይም ኪው ቴን በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያመላልስ የራሳችን ንጥረ ነገር ነው፤ ሎጂኩ ጥሩ ነበር። 600 የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ላይ በከፍተኛ መጠን ተሞከረ፤ ውጤቱ በ2014 ሲወጣ ምንም አልጠቀመም። ለስኳር የሚሰጠው ኤክሴናታይድ በ2017 በትንሽ ጥናት ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በ2025 የወጣው ሰፋ ያለ ጥናት ግን ፓርኪንሰንን እንደማያዘገይ አሳየ። እነዚህን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። ማይቶኮንድሪያን ያድሳል፣ ስኳርን ይነቅላል፣ መርሳትን ያጠፋል እየተባለ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ብልቃጥ በየስልካችን ይመጣል፤ አንዳንዱ ቤተሰብ የኢንሱሊን ገንዘቡን ለሱ ያወጣል። ኢንሱሊን ትቶ ብልቃጥ የሚገዛ ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል፤ እባካችሁ አትታለሉ።

ማይቶኮንድሪያን እንደሚያበዛ ያለ ክርክር የታወቀው የጡንቻ ሥራ ነው። በ1967 ጆን ሆሎሲ በሴንት ሉዊስ አይጦችን ለሳምንታት አስሩጦ ጡንቻቸውን ሲመረምር የማይቶኮንድሪያ ኢንዛይሞቻቸው በእጥፍ ገደማ ጨምረው አገኘ። በሰውም ይኸው ታይቷል፤ ባረጀ ሰውም ጭምር። በ2002 በአሜሪካ የወጣው ትልቅ ጥናት ለስኳር የተቃረቡ 3,234 ሰዎችን ተከታትሎ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱና ክብደት የቀነሱት በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ሲወርድ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት በ31 በመቶ እንደወረደ አሳየ። ፓርኪንሰን ላይም በ2018 በ128 ሕመምተኞች የተደረገ ጥናት፣ ስድስት ወር በመሮጫ ማሽን ጠንክረው የሠሩት እንቅስቃሴያቸው ካልሠሩት ያነሰ እንደተባባሰ አመልክቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም አቅጣጫው ያበረታታል። ጂም አያስፈልግም፤ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። ላብ ላብ እስኪላችሁ ድረስ ይሁን፤ ለመናገር እንጂ ለመዝፈን የማያስችል ትንፋሽ ይሁን። እግራችሁ የደነዘዘ ደግሞ ጫማችሁን ውስጡን ሳትፈትሹ አትውጡ።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች አንዱን ላካትት፤ አንድ እናት ያነሱትና ብዙ ሰው የሚመለከት ስለሆነ። «ልጄ፣ ሜትፎርሚንም ይህንኑ ኮምፕሌክስ ዋን ያዳክማል ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ መርዝ ነው ማለት ነው? ልተወው?» ነበር ያሉት።

እናቴ፣ እንዳይተዉት። በ2000 ሁለት የምርምር ቡድኖች ሜትፎርሚን ኮምፕሌክስ ዋንን በመጠኑ እንደሚያዘገይ አሳይተዋል፤ እውነት ነው። ለሕመምተኛ በሚታዘዘው መጠን ዋናው ሥራው ይህ መሆን አለመሆኑ ግን ዛሬም ያከራክራል። ኤምፒቲፒ ዶፓሚን አመንጪ ሴል ውስጥ ተከማችቶ ይገድላል፤ ሜትፎርሚን በዋናነት የሚሠራው ጉበትና አንጀት ላይ ነው፤ ጉበት ስኳር አብዝቶ እንዳይለቅ ይገታል፤ በአስርተ ዓመታት በሚሊዮኖች ላይ ተፈትኗል። ጥንቃቄ የሚያሻው ኩላሊት በጣም ሲደክም ነው፤ ያኔ መድኃኒቱ ከሰውነት ስለማይወጣ ላክቲክ አሲድ ሊያጠራቅም ይችላል። ስለዚህ የኩላሊት ምርመራ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ያድርጉ። ኃይለኛ ተቅማጥና ትውከት ከያዘዎት ክኒኑን ከመቀጠልዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። ለዓመታት የወሰዱት ከሆነም የቫይታሚን ቢ12 መጠንዎ እንዲታይ ይጠይቁ፤ ሜትፎርሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል፤ ከቀነሰም መተካት ቀላል ነው።